እናንተ ቤት ምን ተጥዷል?

የአዴ ኑሪያን መሞት የሰማሁት ድሬዳዋ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነው። የነገረኝ አብዲ ነው፤ ድሮ ከድሬ ወደ ጅቡቲ አትክልት እየጫነ ይሄድ የነበረው አብዲ። ከኋላዬ መጥቶ «ስንዱ አይደለሽም እንዴ?» ሲለኝ ዞር አልኩ። ፀጉሩ ሸብቷል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «አዴ ኑሪያ እኮ አረፈች» አለኝ። ከዚያ እሱን ሳቅ አመለጠው። እንዳልቀየመው ፈርቶ አፉን በእጁ ያዘ።

«ይቅርታ» አለ። «መጨረሻ ሳገኛት የጠየቀችኝ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። ‹አብዲ፣ ቲማቲም የሚቀላው ቀን ነው ሌሊት?› አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቲማቲም ስጭን ኖሬ፣ ወላሂ አላውቀውም።»

እኔም ሳቅኩ። እንባዬ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው፤ ሻጯ ሽንኩርቱ መስሏት ጨርቅ አቀበለችኝ።

አዴ ኑሪያ ጅቡቲ ሳለሁ አከራዬ ነበረች። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ፊቱ ሱቅ፣ ኋላው መኖሪያ የሆነ ግቢ ነበራት። ከባለቤቷ ከሐጂ ኢድሪስ ጋር ቅመም፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ማሽላና ባቄላ ይሸጡ ነበር። አባቷ ከድሬዳዋ መጥተው በንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚያው ጅቡቲ ነው። ዘመድ ጥየቃ ድሬ ትሄዳለች፤ ድሬም ግን ከተማ ናት። ከባቡር መስኮት ካየችው ቁጥቋጦና ግመል በቀር ገጠር የሚባለውን ዓይኗ አይቶ አያውቅም። እህል ለእሷ ከጆንያ የሚወጣ ነገር ነው።

ይህ ነገር ያብከነክናት ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለእሷ ብቻ ያልተነገራት ወሬ ያለ ይመስላታል። ጆንያ ትፈታና እጇን እስከ ክርኗ ባቄላ ውስጥ ከታ «ይሄ አሁን ዛፍ ላይ ነው የሚያፈራው?» ትላለች። አንዴ ሽምብራ እንደ ድንች ተቆፍሮ የሚወጣ መስሏት ለአንድ የአርሲ ገበሬ ስትነግረው፣ ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። አልተቀየመችም። «እሺ፣ ሳቅህን ጨርስና ንገረኝ» ብላ አጠገቡ ተቀመጠች።

ክፍል ልከራይ የሄድኩበት ቀን ሰኔ ነበር። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊት ላይ ይለጥፋል። መብራት ጠፍቷል። ፍየሎቹ እንኳ ካርቶን መብላቱን ትተው በግድግዳ ጥላ ተደርድረዋል። እኔ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ የፈረንሳዮች ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ገብቼ፣ በየዓርቡ ዕረፍቴ የማርፍበት ክፍል እፈልግ ነበር። አዴ ኑሪያ ወፍራም ሰውነቷን በርጩማ ላይ አሳርፋ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። እንደ ሌሎቹ አከራዮች ማን እንዳመጣኝ ወይ ባል እንዳለኝ አልጠየቀችኝም።

«አገርሽ የት ነው?»

«ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው እማማ፤ ገጠር ነው። አያውቁትም።»

«እማማ ይቅር፤ አዴ በይኝ። ‹እርስዎ›ም ይቅር፤ እኛ ድሬዎች አንቺ ነው የምንባባለው።» ካርቶኑን ማራገብ አቆመች። ደስ የሚላት ነገር ልትሰማ ስትል እጇ እንደሚቆም ያወቅኩት በኋላ ነው። «እስቲ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እናንተ ቤት ምን ተጥዷል?»

ግራ ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «አሁን ክረምቱ እየገባ ነው» አልኩ። «ጎመኑ ገና አልደረሰም። ሳማ ይሆናል።»

«ሳማ ምንድነው?»

«ቅጠል ነው። ሲነካ ይለበልባል።»

«የሚለበልብ ቅጠል ትበላላችሁ?»

እናቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ለጋ ለጋውን እንዴት እንደምትቀጥፍ፣ ቀቅላ እያማሰለች ከገብስ ዱቄትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር እንዴት እንደምታዋህደው ነገርኳት። ዝናቡ ጣራውን ሲመታ ሁላችንም ምድጃውን ከበን ትኩስ ትኩሱን እንደምንበላው ነገርኳት። «ከዛስ?» ትላለች። እነግራታለሁ። «ከዛስ?» ትላለች።

«ሲበስል መለብለቡን የሚተወው ለምንድነው?»

«እንጃ።»

«ስትበይው ኖረሽ? አንድ ቀን አልገረመሽም?» አለችና የክፍሉን ቁልፍ ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ስመጣ ከማዕከላዊ ገበያ መሉኪያ የሚባለውን የዓረቦች ቅጠል ገዝታ፣ በገብስ ዱቄት አብስላ ጠበቀችኝ። «ቅመሺና ፍረጂ» አለችኝ። ከእናቴ ሳማ ጋር የሚያገናኘው አረንጓዴነቱ ብቻ ነው።

«ይመስላል» አልኩ።

«አትዋሺኝ። ምኑ ነው የጎደለው?»

አሰብኩበት። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «ብርዱ» አልኳት።

ቀልድ አልመሰላትም። ሳህኗን ይዛ ሄደች፣ የማቀዝቀዣውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች፣ በርጩማዋን ፊት ለፊቱ አስቀምጣ እዚያው መብላት ጀመረች። ሐጂ ኢድሪስ ከሱቅ ሲገቡ ሚስታቸውን እንዲያ ሆና አገኟት።

«አንቺ ሴት፣ ምን እየሆንሽ ነው?»

«ደብረ ብርሃን ነኝ» አለች ሳትዞር።

ሐጂ ኢድሪስ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። በትዳራቸው ዘመን ብዙ ነገር ቀምሰዋል፤ አንዳንዱን በግድ። አንድ ጊዜ አንድ የራያ ሰው፣ ሀራሙስ በዘበኝነት የሚሠራ፣ ስለ ብርኩታ ነገራት። ድንጋይ በእሳት ይግላል፣ ሊጥ ይለበስበታል፣ ከዚያ ፍም ላይ እየተገላበጠ ይበስላል። አዴ ኑሪያ ውላ አላደረችም። ባሕር ዳር ሄዳ ልሙጥ ልሙጥ ድንጋይ በመሐረብ ቋጥራ መጣች። ውሃ የጠጣ የባሕር ድንጋይ እሳት ላይ ምን እንደሚሆን ማናችንም አላወቅንም። መጀመሪያ አንዱ ጧ አለ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ተከታተሉ። ፍሙ ግቢው ውስጥ ተበተነ፣ ሊጡ ልብስ ማድረቂያው ገመድ ላይ ተንጠለጠለ፣ ጎረቤት በሶማልኛ «ዋር!»፣ ኧረ ምንድነው፣ እያለ ይጮሃል። ሐጂ ኢድሪስ ከሱቁ ጓሮ ብቅ ብለው ገመዱን አዩና «ይሄኛው አገር ጦርነት ላይ ነው እንዴ?» አሉ።

የራያው ሰው ሲሰማ አፈረ። «አዴ፣ ከወንዝ ራቅ ካለ ደረቅ ቦታ ነው እኮ ድንጋዩ የሚነሳው» አላት።

«ይኸው! ይሄን ነው የማትነግሩኝ!» ብላ ጮኸችበት። «ዋናውን ነገር ሁሌ ትዘሉታላችሁ!»

በካርቲየ 6 የሚያልፉ ብዙ ወጣቶች ነበሩ፤ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ መጥተው በኦቦክ ወደብ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩ። ጥላ ፍለጋ ሱቁ ደጃፍ ይቀመጣሉ። ውሃና ምግብ ታወጣላቸዋለች፤ ጥያቄዋም ይከተላል። ስማቸውን እንኳ ሳታውቅ እናቶቻቸው በየወሩ ምን እንደሚያበስሉ ታውቃለች። አንድ ቀን ይሄ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ ፖሊሱም ይጠይቃቸዋል፣ ደላላውም ይጠይቃቸዋል» አለችኝ። «እሱ እኔን አይመለከተኝም። እኔን የሚገርመኝ ያን ሁሉ ነገር በሆዱ ይዞ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይሄዳል?»

እኔ ከእሷ ጋር ብዙ ከረምኩ። ከዚያ አገር ቤት ዝናብ ቀረ የተባለበት ዓመት መጣና መዲናን አመጣ።

ያኔ ስሟ ሀያት ነበር፤ እንደዚያ ነው የነገረችን። መስከረም ውስጥ፣ አንዲት ጎረቤት ሱቁ ግድግዳ ሥር ተኝታ አገኘቻት። ጀልባ ልትሳፈር ባሕሩ ዳር ስትጠብቅ ትኩሳት ያዛት፤ ጓደኞቿ ተሻገሩ፣ እሷን ጥለዋት ሄዱ። በጭነት መኪና ወደ ከተማ ተመለሰች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። አዴ ኑሪያ አስገብታ ከእኔ ክፍል አጠገብ አስተኛቻት፣ ሐኪም አሳየቻት። ትኩሳቱ ሲለቃት ደሴ ከተማ እንደተወለደች ተናገረች። መዳፏ ግን የከተማ ልጅ መዳፍ አይመስልም።

አዴ ኑሪያ ሾርባ ይዛ ገባች፣ ቁጭ አለች፣ ጠየቀች። «እስቲ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እናንተ ቤት ምን ተጥዷል?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ምንም አልተጣደም» አለች።

አዴ ኑሪያ እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ አታውቅም። በኩርፊያ የመለሰችላት መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ልጅ አሳሰበቻት። ከወሎ ሰዎች የሰማችውን ሁሉ እያስታወሰች ማብሰል ያዘች፤ አንድ ቀን ገንፎ፣ አንድ ቀን ቂጣ በአብሽ፣ አንድ ቀን ንፍሮ። ልጅቷ ትንሽ ትቀምሳለች፣ «አላህ ይስጥልኝ» ትላለች፣ መልሳ ትተኛለች። አዴ ኑሪያ ወጥታ በሹክሹክታ «ምንም አልነካትም» ትለኛለች፣ ቁልፍ ሞክሮ በር እንዳቃተው ሰው።

ጥቅምት ላይ አብዲ ከድሬ ሲመጣ፣ ከወንዝ ዳር ማሳ የተቆረጠ የማሽላ እሸት አመጣላት። ስትለምነው የቆየችው ነገር ነው። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር እኔም ነበርኩ። ከሰል አቀጣጠለች፣ ዛላዎቹን እንደ በቆሎ በሽቦው ላይ ደረደረቻቸው። ልጅቷ በሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጭሱ ተነሣ፣ ፍሬው መፈንዳት ጀመረ፣ አዴ ኑሪያ በጣቷ ፍሬ በፍሬ ልትፈለፍል ስትል ተቃጠለችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

«ኧረ ተቃጠለ! ኧረ በአላህ እንዲህ አይደለም!»

ልጅቷ ናት። እንዲያ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምተን አናውቅም። ተነሥታ መጣችና አዴ ኑሪያን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ቦታዋን ያዘች። ሽቦውን አነሣች። ዛላውን ፍሙ ላይ ቶሎ ቶሎ አገላበጠችው፣ በጆንያ ጠቀለለችው፣ በሁለት እጇ አሸችው። ከዚያ ሰፌዱ ላይ ዘርግፋ እያንገዋለለች እፍ አለችበት። ገለባው በረረ፣ አረንጓዴው ፍሬ ቀረ። በእፍኟ ዘግና ለአዴ ኑሪያ ሰጠቻት።

«እሸት የሚባለው ስለሚታሽ ነው?» አለች አዴ ኑሪያ እያላመጠች።

ልጅቷ ቆም አለች። «እንጃ… አዎ፣ ይሆናል። አስቤው አላውቅም።» ፈገግ አለች።

ያ እንቢ ያለው በር ተከፈተ። እሸት ሲደርስ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ማሳው እንደሚወርድ ነገረችን። አባቷ ማማ ይሠራል፤ ግሪሳ ወፍ እህሉን እንዳይጨርሰው በወንጭፍና በጅራፍ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃሉ። እናቷ ምድጃዋን እዚያው ታደርጋለች። ዱባ ፍም ውስጥ ይቀበራል፣ ጎረቤት ከማማ ማማ እየተጣራ ይጫወታል፣ ይዘፍናል። አገሯም ደሴ ሳይሆን ከሐርቡ ወደ ቆላው የሚወረድበት መንደር ነው። አዴ ኑሪያ እጇ ቆሟል፣ አፏ ከፈት ብሏል። «ዱባው ሳይላጥ ነው?» «ሲዘንብስ የት ትገባላችሁ?» «ወፎቹ ከወንጭፉ አይለምዱም?» ትላለች። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

«አሁን ታዲያ ማነው የሚጠብቀው?» አለች።

የልጅቷ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ። «ምኑን?»

«ማሽላውን።»

«አዴ፣ ጠይቀሽኝ ነግሬሻለሁ እኮ። ምንም አልተጣደም አልኩሽ። ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ከቤት የወጣሁ ዕለት እናቴ ድስቱን አጥባ ደፍታው ነበር።»

ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። አዴ ኑሪያ በእጇ የቀረውን እሸት ስታይ ቆየች። ልትውጠውም ልትጥለውም አልቻለችም።

በቀጣዩ ዓርብ ስመጣ ሐጂ ኢድሪስ ከበሩ ላይ ጎትተው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ስንዱ፣ ሚስቴ ታማለች» አሉኝ። «ትናንት አንድ የጅማ ሰው መጣ። ቅቤውን መዘነችለት፣ ሸኘችው። ምንም አልጠየቀችውም!» በእውነት ፈርተዋል። እኔም ስገባ «ደህና ነሽ?» አለችኝ፤ በቃ።

ከሰዓት በኋላ ደላላው መጣ። ጀልባ አለ፣ ዛሬ ኦቦክ መድረስ አለብሽ ብሎ ከውጭ ተጣራ። ያኔ የመን ጦርነት ላይ ነበረች፤ ያም ሆኖ ሰው መሻገሩን አላቆመም። ልጅቷ ጨርቋን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች፣ አዴ ኑሪያ እግር ሥር ቆመች።

«ልሄድ ነው።»

አዴ ኑሪያ ራሷን ነቀነቀች።

«አንድ ነገር አትይኝም?»

«ምን ልበልሽ? እኔ የማውቀው መጠየቅ ነው። ጥያቄዬ ደግሞ ቁስል ነካ።»

«ጠይቂኝ» አለች ልጅቷ። «ከቤት ከወጣሁ ስለ ቤታችን የጠየቀኝ ካንቺ በቀር የለም። ዝም ስትይ ቤታችን ራሱ የሌለ ይመስለኛል።»

አዴ ኑሪያ ቀና ብላ አየቻት። ደላላው እንደገና ተጣራ።

«ዝናቡ ቢመለስ፣ መቼ ይዘራል?»

«ሚያዝያ።»

«እሸቱስ መቼ ይደርሳል?»

«ጥቅምት።»

«እኔ በቆመበት አይቼው አላውቅም» አለች አዴ ኑሪያ። «አንቺ ባሕሩን ከተሻገርሽ ማን ያሳየኛል?»

ልጅቷ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ፌስታሉን ባቄላው ጆንያ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። «ስሜ ሀያት አይደለም» አለች። «መዲና ነው።» ሐጂ ኢድሪስ ምንም ሳይባሉ ወጥተው ደላላውን መለሱት።

መዲና ያን በጋ ሱቅ ውስጥ ሠራች። አዴ ኑሪያ በባቲ በኩል ለሚያልፉ ሹፌሮች እየሰጠች ዱቄትና ዘይት ለእናቷ ትልክ ነበር። ጥያቄዋም ተመለሰ፤ አንድ ነገር ግን ለወጠች። ከጠየቀች በኋላ ትጠብቃለች። ሰውየው መመለስ ካልፈለገ ሻይ ትቀዳለታለች እንጂ «ከዛስ?» አትልም። ሚያዝያ ላይ ከመንደሩ ስልክ መጣ፣ ዘነበ ተባለ። መዲና በዚያው ሳምንት አገሯ ገባች።

ጥቅምት ሲደርስ አዴ ኑሪያ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ሐጂ ኢድሪስ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ መንገዱ ተናገሩ፤ ሰሚ አላገኙም። በጋላፊ ድንበሩን ተሻግራ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጋ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል፣ ጫማዋ ላይ ጭቃ ደርቋል፤ እንዳይጠረግ ከለከለች። ሁላችንም ከበብናት። በዚያ ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂዎቹ እኛ ሆንን።

«ምን አየሽ?» አልናት።

ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች፣ የቻለችውን ያህል። «ማሽላ ከሰው ይረዝማል!» አለች። የተናደደች ትመስል ነበር። «ውስጡ ገብቼ ጠፋሁ! ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት ስጠይቅ፣ አንድም ሰው ከሰው ይረዝማል አላለኝም!»

እውነቷን ነው። ማንም አልነገራትም። እኛ መነገር ያለበት ነገር መሆኑን አናውቅም ነበር።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ መዲና እናት አወራችን። ከሲታ፣ ቀልደኛ ሴት ናት፤ ሰባራ ጥርሷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ማማው ሥር እሸት እያሹ ሲጫወቱ፣ ሴትየዋ ወደ እሷ ጠጋ ብላ «ኑሪያ፣ ዓሣ እንዴት ነው የሚተኛ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምን አልሻት?» አልኩ።

«ምን እላታለሁ? አላውቀውማ!» ደረቷን መታች። «ተወልጄ ያረጀሁት ባሕር ዳር ነው። አንድ ቀን አልገረመኝም፣ ስንዱ። አንድ ቀን!»

መዲና ሁለት መኸር እናቷ ዘንድ ቆየች፣ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ገብታ ሥራ ያዘች፤ ከዚያ በኋላ የሆነችውን አላውቅም። እናቷና አዴ ኑሪያ ግን በጎረቤት ስልክ ይገናኙ ነበር።

እኔ ጅቡቲን ከመልቀቄ በፊት በአንዱ ዓርብ አዴ ኑሪያ «ተነሺ» ብላ ዓሣ ወደሚወርድበት ወደብ ወሰደችኝ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ዓሣው በቅርጫት እየወረደ ነው። አንድ ሽማግሌ የመናዊ ዓሣ አጥማጅ አገኘችና በዓረብኛ ጠየቀችው። ሰውየው ሳቀ። ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም፣ ዓይኑን ሳይጨፍን ነው የሚተኛው አላት። አዴ ኑሪያ እዚያው ስልኳን አውጥታ መንደሩ ደወለች። ሴትየዋ እስክትጠራ አንድ ሙሉ ቅርጫት ተራገፈ።

«ሰማሽኝ ወይ?» ብላ ጮኸች አዴ ኑሪያ። «ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ነው! ሳይጨፍኑ!»

ከወዲያ በኩል ድምፁ እየተቆራረጠ መጣ። እኔ እንኳ አጠገቧ ሆኜ ሰማሁት። «ዓይናቸው ካልተከደነ» አለች የመዲና እናት፣ «መተኛታቸው በምን ይታወቃል?»

የመናዊው ቅርጫቱን ተሸክሞ መሄድ ጀምሯል። አዴ ኑሪያ ስልኩን ከጆሮዋ ሳትነጥል ሮጥ ብላ የሽርጡን ጫፍ ያዘች።